ተጠያቂ የሌለበት ሞት

አስረስ የሐጂ ጉሌድን የግቢ በር ገፍቶ ሲገባ ብርቅነሽ እርጥብ አንሶላ እየጠመዘዘች ነበር። የጭነት መኪና ሹፌሩ አስረስ ሀርጌሳ ከገባ ገና ዘጠነኛ ቀኑ ነው። እጁ በግራሶ ጠቁሯል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አምሳ አለቃ» ብሎ ጀመረና ቃል አጠረው። «አምሳ አለቃ፣ ይጽኑ። ኪዱ... መኪናው ተንሸራቶ ሄደበት።»

አንሶላው ከእጇ ወድቆ አፈር ላይ ተዘረጋ።

«ነፍሱ አለች?»

«የለችም።»

«የትኛው ጎማ ነው?»

ሹፌሩ ግራ ተጋባ። የወንድሟ ሞት የተነገራት ሴት እዬዬ ትላለች፣ ደረቷን ትደቃለች እንጂ ስለ ጎማ ትጠይቃለች እንዴ? «የኋላው... የቀኙ» አለ።

ብርቅነሽ በድሬዳዋ ትራፊክ ፖሊስ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የአደጋ ፕላን ስታነሳ የኖረች ሴት ናት። መኪና ሲጋጭ፣ ሰው ሲገጭ፣ ሜትርና ጠመኔ ይዛ ትወርዳለች፤ የፍሬኑን ምልክት ትለካለች፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወረቀት ላይ ታሰፍራለች። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ታናሽ ወንድሟን ኪዱን ይዛ ድንበር ተሻገረች። አሁን 1987 ነው። እሷ ጋአን ሊባህ ሰፈር የሰው ልብስ ታጥባለች፤ ኪዱ በኦብሲዬ ጋራዥ መካኒክ ነበር። ከጦርነት ሸሽተው ጦርነት ውስጥ ነው የገቡት፤ በአየር ማረፊያው በኩል መድፉ ካጓራ ወዲህ ግማሹ ከተሜ ወደ ድንበር ተሰድዷል። ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት አገር አንድ መካኒክ መኪና ሥር ሞተ ቢባል ቀና ብሎ የሚያይ አልነበረም።

ጋራዡ ከደረቁ ወንዝ በላይ፣ ተዳፋት ላይ ነው። በቆሎ የጫነው የአስረስ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ የግቢውን ግንብ ተደግፎ ቆሟል። ኪዱን ከሥሩ አውጥተው ሸራ አልብሰውታል። ብርቅነሽ ሸራውን ገለጠች። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ግንባሩን ሳመችና ሌላ ሰው እንዳይሰማ በጆሮው «ያደረገብህን አገኘዋለሁ፤ ካገኘሁት ደግሞ አልምረውም» አለችው። ከዚያ በኋላ ነው እንባዋ የመጣው፤ እሱንም በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተነሣች።

የጋራዡ ባለቤት ኦብሲዬ ጭንቅላቱን ይዞ ግንቡ ሥር ተቀምጧል። ሀርጌሳ በቦምብ ስትመታ ሦስት ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ በስደተኞች ሰፈር ስለኖረ አማርኛው አይታማም።

«አባዮ፣ እህቴ፣ አልገባኝም» አላት። «ኪዱ ጎማውን በሁለት ታኮ ሳይደግፍ መኪና ሥር ገብቶ አያውቅም። እንጨቶቹን ራሱ ነው የጠረባቸው።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ ሀይደር፣ መቁጠሪያውን እየገፋ። ከሐረር የመጣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ሀርጌሳ ሦስት ዓመት ሆኖታል። «የእጅ ፍሬኑን ማን እንደለቀቀው አላህ ይወቅ! ይህን የሚያህል መኪና እንዲያው በራሱ አይሄድም።»

«ድንጋይ ብቻ ነበር ያደረገው» አለ አስረስ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «ታኮ አድርግ ብዬው ነበር፤ አንድ ድንጋይ ይበቃል አለኝ። ልጅነት ነው፤ ቸኮለ።»

ከሦስቱም አብዝቶ ያለቀሰው እሱ ነው።

ብርቅነሽ ጋቢና ወጣች፤ የእጅ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው እንደተሳበ ነው። ወርዳ ሥሩን አየች፤ ማጋጠሚያው ክሮቼራ ስለተበላ ኪዱ የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ፣ ካርዳኑን፣ በሙሉ አውልቆ ጆንያ ላይ አጋድሞታል። ከኋላ ጎማው አጠገብ የሰው ራስ የሚያክል ድንጋይ አለ። ገልበጥ አደረገችው። ሆዱ ላይ ቀይ ቀለም አለ። እንደነበረ መለሰችው። ግቢው አቧራ እንዳይነሣ ውኃ የተረጨ አሸዋ ነው፤ ድንጋይ የሚባል ነገር የለበትም፤ ያለው ሁሉ አጥር ሆኗል። መጋዘኑ ውስጥ ሁለቱ የእንጨት ታኮዎች መደርደሪያ ላይ በሥርዓት ተቀምጠዋል፤ ጣቷን ብታስነካ የግቢው አሸዋ ገና እርጥብ እንደሆነ ተጣበቀባት።

ኪዱን በዚያው ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሩት። የቀበሩት አያሃ ሰፈር በቀን ሥራ የሚያድሩ አሥር የማይሞሉ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ቄስ እንኳ አልነበረም። ከቀብር መልስ ብርቅነሽ ሐጂ ጉሌድ ፊት ቆመች። ሽማግሌው ልብሳቸውን የምታጥብላቸው ሰው ብቻ አይደሉም። ጎሳ የሌለው እንግዳ በአንድ የአገሬው ሰው ጥላ ሥር ይገባል፤ መገን ይሉታል። የእህትና ወንድሙ ጥላ ሐጂ ነበሩ።

«ሐጂ፣ ወንድሜ አልሞተም፤ ተገደለ።»

«ልብስ አጣቢዬ ይህን በምን አወቀች?»

«እዚህ አገር ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርዎት። ኪዱንም በእናታችን ስም አስምዬው ነበር። ፖሊስ ነበርኩ፤ የመኪና አደጋ መርማሪ።»

ሐጂ ጢማቸውን ያዙ። «አራት ዓመት ሙሉ ሸሚዜን ሲፈትግ የኖረው መንግሥት ነው በይኛ!» ካሉ በኋላ ፈገግታቸው ጠፋ። «ስሚኝ። በእኛ ሕግ ስህተት ከሆነ ካሳ ነው፤ ሆን ተብሎ ከሆነ ደሙ የሥጋ ዘመዱ ነው። ግን ሁለት ነገር ታሳዪኛለሽ። እጁን፣ እንዴት እንደገደለ፤ ልቡን፣ ለምን እንደገደለ። ልብ ያልተገኘበት ሞት ለእኛ አደጋ ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁሉንም እሰበስባለሁ። ሦስት ቀን አለሽ።»

«ይበቃኛል» አለች።

መጀመሪያ የሄደችው ከጋራዡ ፊት ለፊት ሻይና ጫት የምትሸጠው ሲራድ ዘንድ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት ሦስቱም ወንዶች እሷ ቤት ጫት እየቃሙ በርጫ ላይ ነበሩ።

«ማን ወጣ?»

«ሁሉም! ሀይደር የአስር ሶላት ሊሰግድ ወጣ። ኦብሲዬ ውኃ ላምጣ ብሎ ወጣ። ሹፌሩ ሲጋራ ፍለጋ ወጣ። ከዚያ ጩኸት ሰማን።»

«ማን ቆየ?»

«ወይ ጉድ! ጫት የያዘ ሰው ሰዓት ያያል እንዴ? አንዱም አንዲት ሲጋራ ከምትነድበት ጊዜ በላይ አልቆየም።»

ሀይደርን በሱቁ ውስጥ ከፍሬን ሸራ ክምር ጀርባ አገኘችው። ባለፈው ወር ድልድዩ ጋ አንድ ሚኒባስ ፍሬን እምቢ ብሎት ሦስት ሰው ፈጅቷል። ከክምሩ አንዱን አንሥታ በጥፍሯ ፋቀችው፤ ጥቁሩ ቀለም ሲነሣ ያረጀው ሸራ ብቅ አለ።

«የሚኒባሱ ሸራ ከዚህ ክምር ነው። ኪዱ ሽማግሌ ፊት ወጥቼ እመሰክራለሁ አላለህም?»

ሀይደርን ላብ አጠመቀው። «ብሏል። ወላሂ ብሏል። ግን ልጁን አልነካሁትም! እኔ መኪና የት አውቅና? ሳጥኑን አይቼ ነው የምሸጠው።»

«ይኸው ነው እኮ ሰው የፈጀው» ብላው ወጣች።

ኦብሲዬም ያው ነው። ሸራውን የገጠመው የእሱ ጋራዥ ስለሆነ ኪዱ አፉን ቢከፍት ተጠያቂነቱ እሱንም አይለቀውም ነበር። «ተጣልተናል፤ አልዋሽሽም» አላት። «እኔ ዝም በል አልኩት፣ እሱ ሦስት ነፍስ እንዴት ዝም ይባላል አለኝ። ልክ ነበር፤ እኔ ነኝ የፈራሁት።»

እያወሩ ከጋራዡ ጓሮ ወጡ። ከአጥሩ አሥር እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ ወደ ወንዙ የሚወርደው መሬት ፈንጂ አለበት፤ ጠርዙ ላይ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ኦብሲዬ ድንገት ቀጥ አለና ክንዷን ጨምድዶ ያዛት። ከረድፉ አንድ ድንጋይ ጎድሏል።

«ያ ረቢ! ማን ነው ያነሣው? ልጆች በዚህ ያልፋሉ እኮ!» ቦታውን የሚከልልበት ቀይ ጨርቅ እንዲያመጡ እየጮኸ ወደ ግቢው ሮጠ። ብርቅነሽ ፊቱን ብቻ ነበር የምታየው፤ ያ ድንጋጤ በልምምድ የሚመጣ አልነበረም።

እሱ በጨርቅ ፍለጋ ሲባክን የቢሮውን መሳቢያ ከፈተች። የውጭ አገር ሹፌር መኪናው ተሠርቶ እስኪያልቅ መንጃ ፈቃዱን ኦብሲዬ ዘንድ ያስቀምጣል። የአስረስን አገኘች። የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም አነበበች። ከዚያም ቁጭ አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላውን ስትፈልግ የኖረችው ጣት ዞሮ ወደ ራሷ የሚያመለክት መሰላት።

አስረስን ማታ ላይ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«አገር ቤት ማን አለህ?» አለችው።

«እናቴ።»

«ወንድም የለህም?»

ቀና ብሎ አያት። «ነበረኝ» አለ።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ሐጂ ጉሌድ በጋራዡ ግቢ ምንጣፍ አስነጥፈው ተቀመጡ። ሦስቱ ተጠርጣሪዎች ከፊታቸው፣ ሲራድ ከጎን፣ በሩ ላይ ሁለት ጠብመንጃ የያዙ የሐጂ ወንድም ልጆች። ብርቅነሽ ጥቁሯን ለብሳ መሐል ቆመች።

«አስረስ እንደሚለው ኪዱ መኪናውን በአንድ ድንጋይ ይዞ ሥሩ ገባ» ብላ ጀመረች። «ሀይደር እንደሚለው አንድ ሰው የእጅ ፍሬኑን ለቀቀው። ሁለቱም ስህተት ነው። የእጅ ፍሬኑ አሁንም እንደተሳበ ነው፤ የፈለገ ወጥቶ ይይ። ግን ቢሳብም ባይሳብም ለውጥ የለውም። ኦብሲዬ፣ የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው ምኑን ነው?»

«ካርዳኑን።»

«ካርዳኑስ?»

«ወልቋል... ከጠዋት ጀምሮ ወልቋል።»

«ታዲያ ከነበቆሎው ቁልቁል የቆመውን መኪና ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምን ያዘው?»

«ታኮ ነዋ!» አለ ኦብሲዬ ሳያስበው።

«ታኮ። ያ ድንጋይማ አንዲት ደቂቃም አይችለውም። ታኮዎቹ ግን መጋዘን ውስጥ፣ የግቢው እርጥብ አሸዋ እንደተጣበቀባቸው ተገኙ። ከሥራ ላይ ተነሥተው ነው የገቡት። ኪዱ ደረቱ ላይ ጎማ ቆሞ ተነሥቶ ዕቃ አላስቀመጠም። ታኮዎቹን የሳበው፣ መኪናው ሲሄድ ያየው፣ ከዚያ ታኮዎቹን መልሶ በምትካቸው ድንጋይ ያደረገው አንድ ሰው ነው።»

ከሩቅ የመድፍ ድምፅ ተሰማ፤ ዘወር ያለ የለም።

«ያ ሰው የእጅ ፍሬኑን አልነካም፤ ዋጋ እንደሌለው ስለሚያውቅ በቀጥታ ታኮው ጋ ሄደ። መኪና ያውቃል ማለት ነው። ሀይደር መኪና ቢያውቅ ኖሮ የእጅ ፍሬኑ ተለቀቀ ብሎ አይፈላሰፍም ነበር። ሦስት ነፍስ በክፉ ሸራ አጥፍቷል፤ አራተኛው ግን የእሱ አይደለም።»

«የሦስቱ ጉዳይ ነገ ይመጣል» አሉ ሐጂ፣ ሀይደርን ሳያዩት። ሀይደር ነጻ ወጣሁ ብሎ ሊያመሰግን ከፍቶት የነበረውን አፉን ዘጋ።

«ሁለት መኪና የሚያውቁ ሰዎች ቀሩ» ቀጠለች ብርቅነሽ። ድንጋዩን አስመጥታ ሐጂ ፊት ገለበጠችው። ቀዩ ሲታይ ሲራድ «ቢስሚላህ!» ብላ ሸሸች፤ በሩ ላይ የቆሙት ልጆች እንኳ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«አያችሁ? ሁላችሁም ደነገጣችሁ። ቀይ የተቀባ ድንጋይ የፈንጂ ድንበር ነው። በዚህ ከተማ አንድ ልጅ እናቱን ሳይጠራ በፊት ይህን ይማራል። ኦብሲዬ ከረድፉ አንዱ ጎድሎ ሲያይ ነፍሱ ልትወጣ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ኪዱም አራት ዓመት ኖሮበታል፤ እጁን ቢቆርጡት አያነሣውም። ታዲያ ቀይ ድንጋይ አንሥቶ የሚሸከም ማን ነው? ከእኛ አገር ትናንት የመጣ ሰው ነው! እኛ ዘንድ በመንገድ ዳር ድንጋይ ደርድሮ ቀለም መቀባት የቀበሌ ጽዳት ነው። ለእሱ ምቹ መጠን ያለው ድንጋይ ብቻ ነበር፤ ቀለሙ እንዳይታይ ወደ ታች አዞረው። ኪዱ በሞተበት ዕለት እዚህ ከመጣ ዘጠኝ ቀን የሆነው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዓይን ሁሉ አስረስ ላይ ዞረ። እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«በሞቱ ቀን አምሳ አለቃ ብለህ ጠራኸኝ» አለችው። «በዚህ አገር ማዕረጌን የሚያውቅ አልነበረም። ሐጂ እንኳ የሰሙት ከቀብር በኋላ ነው።»

«ኪዱ ነግሮኝ ይሆናል» አለ አስረስ በእርጋታ። «ሐጂ፣ እሺ፣ ታኮውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሥራው ያለቀ መስሎኝ ላስገባቸው ነበር፤ መኪናው ሲሄድ ደነገጥኩና ዋሸሁ። አጥፍቻለሁ። ግን በዘጠኝ ቀን ያወቅኩትን ልጅ ምን አደረገኝ ብዬ እገድለዋለሁ?»

ሐጂ ወደ ብርቅነሽ ዞሩ። «ብርቅነሽ፣ እጁን አሳየሽኝ። ልቡ ግን የለም። ድንጋጤ ነው ካለ ስህተት ነው፤ ካሳ ተናግረን እንለቀዋለን። ሌላ የምትዪው አለሽ?»

የምትለው አላት፤ አሥር ዓመት ለማንም ሳትነግረው የኖረችው ነገር ነው። ዝም ብትል ስሟ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ የኪዱ ገዳይ ግን ጥቂት ግመል ተቆጥሮበት መሪውን ይዞ ይሄዳል። ብትናገር ሰው ፊት የምትዋረደው እሷ ናት። አፈረች፤ እስከ ጆሮዋ ነደደች። ንዴቷ ግን ከእፍረቷ በለጠ።

«ልቡን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «በ1977 ደንገጎ ቁልቁለት ላይ የባለሥልጣን መኪና መስመር ስቶ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። እናትና ልጅ ሞቱ። የጭነት መኪናው የፍሬን ምልክት በራሱ መስመር ላይ ነበር፤ እኔው ነኝ የለካሁት። አዛዤ ምልክቱን አንድ ሜትር ከሃያ ወደ ግራ አድርጊው አለኝ። አደረግኩት። ሹፌሩ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት፤ በሁለተኛው ዓመት እስር ቤት ሞተ። ባንተአምላክ ይርዳው ይባላል። የዚህ ሰው መንጃ ፈቃድ ኦብሲዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። አስረስ ይርዳው ነው የሚለው።»

ኦብሲዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሐጂ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «ወንድምህ ነበር?»

አስረስ ያን ጊዜ ተነሣ። የልቅሶው ፊት ከላዩ ወልቆ ወደቀ።

«ታላቄ ነው፤ ያሳደገኝ እሱ ነው» አለ፤ የሚናገረው ለሐጂ ሳይሆን ለእሷ ነበር። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በማስመሪያ ነው የገደልሽው! ችሎት ላይ ሰምቼሻለሁ፤ ድምፅሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አንቺን ሜዳ ላይ መግደል ቀላል ነበር። እኔ ግን የፈለግኩት ያንቺም ወንድም እንዲሞት፣ አደጋ ነው እንዲባል፣ ተጠያቂ እንዳይኖረው ነው። እናቴ የምትኖረውን ኑሮ እንድትኖሪ ነው።»

«ኪዱ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ነበር» አለች ብርቅነሽ። «እኔን ብትገድለኝ አልፈርድብህም ነበር። አሁን ግን እፈርዳለሁ።»

«አሁን ተካክለናል።»

«አልተካከልንም።»

ሐጂ በከዘራቸው መሬቱን መቱ። «ልቡም ወጣ። ደሙ ያንቺ ነው፤ ከዚህ በኋላ የእኔ ቃል አይሠራም። ሦስት መንገድ አለሽ፤ ይቅርታ፣ ካሳ፣ ወይም ደም።»

«አባዮ፣ አንቺም እኮ በድለሻል፤ ይቅር በዪው» አለ ኦብሲዬ ቀስ ብሎ።

«በድያለሁ። ስለበደልኩም እከፍላለሁ። በኪዱ ስም ግን እኔ ይቅር ልለው አልችልም፤ ኪዱ ይቅር በዪው አላለኝም» አለች። ከዚያም ሐጂን ቀና ብላ አይታ «ደሙን» አለች።

የሐጂ ወንድም ልጆች ወደ ውስጥ ገብተው የአስረስን ክንድ ያዙት። አልታገላቸውም። በሩ ጋ ሲደርስ ሐጂ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸውና የምትለው ካለህ በል አሉት። አስረስ ዞሮ ብርቅነሽን አያት፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ተንቀጠቀጠ።

«የድሬዳዋው ፋይል ላይ ወንድሜ ዛሬም ነፍሰ ገዳይ ነው። እናቴ በዚህ ስም ነው የምትጠራው።»

«አውቃለሁ። ያደረግኩትን በሙሉ ጽፌ፣ በሐጂ ፊት ፈርሜ፣ ለፍርድ ቤቱ እልካለሁ። ሊያስሩኝ ከፈለጉ ራሴ እሄድላቸዋለሁ። የባንተአምላክ ስም ይነጻል።»

የአስረስ ፊት በራ። አሥር ዓመት ሲጠብቀው የኖረውን ቃል ነበር የሰማው።

«መቼ?» አለ።

«አንተ በተቀበርክ ማግስት።»